ጨርቅን የሰው እጅ ያስለመዱት ዋና ተመራማሪያችን ከዚህ ዓለም መለየታቸውን ስለማሳወቅ

የጨርቃጨርቅና የመለኪያ መሣሪያዎች ምርምር ተቋማችን ዋና ተመራማሪ፣ የጫና ሴንሰር ጨርቆች ክፍል መሥራችና ኃላፊ የነበሩት ባልደረባችን፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ይህን ለሠራተኞቻችን፣ ለሥራ አጋሮቻችንና ለሕዝብ የምናሳውቀው ከልብ በሆነ ሐዘን ነው።

መግለጫውን እንድናዘጋጅ የተመደብነው ሦስት ሰዎች ነን፤ የስፌት ክፍል ኃላፊዋ፣ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያውና የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ። የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ገጽ አልሞላም ነበር። የተማሩትን፣ ያገለገሉበትን ዘመንና ያገኙትን የምስጋና ወረቀት ደርድረን ልንዘጋው ስንል የስፌት ክፍል ኃላፊዋ ወረቀቱን ገፋ አድርገው «ይኼ እኮ ለማንም ልክ ይሆናል። ልብስ ቢሆን ኖሮ አልሰፋውም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጸሐፊው «መግለጫ እንጂ ወግ አይደለም» ብሎ ትንሽ ተከራከረ፤ ሆኖም በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ። ስለዚህ ከተለመደው ረዘም ብሎ ቢገኝ አንባቢ ይታገሰን።

በተቋሙ ውስጥ ማንም በማዕረጋቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ፊት ለፊት «እትዬ»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «እትዬ ዜሮ» ነበሩ። ጫና የሚለካ ጨርቅ ምንም ሳይነካው የሚሰጠው ንባብ በትክክል ካልተያዘ፣ ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ ውሸት ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ማንኛውም ሙከራ ከመጀመሩ በፊት «ዜሮውን ያዙ!» ሳይሉ አያልፉም። የቅጽል ስሙን ወሬ የሰሙት ከሁሉም በኋላ ነው። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ በስብሰባ መሐል አምልጧቸው «እትዬ ዜሮ እንዳሉት» ሲሉ አዳራሹ ክው አለ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አስተካክለው «ዜሮው ካልተያዘ ዳይሬክተርም አይለካም» አሉና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ። ሳቁ ስብሰባው እስኪያልቅ አልበረደም።

በመጀመሪያዎቹ የአገልግሎት ዓመታት። ባልደረባችን በሽመና ምህንድስና ተመርቀው ሲቀጠሩ እናታቸው በጠና ታመው አልጋ ይዘው ነበር። አልጋ ላይ ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ገላ አጥንቱ ፍራሹን በሚጫንበት ቦታ ይቆስላል፤ በየጊዜው ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ከየት በኩል መገላበጥ እንዳለበት ግን በዓይን አይታይም። እሳቸው በቀን የሥራ ባልደረባችን፣ ከሥራ መልስ አስታማሚ ሆነው ሲኖሩ አንድ አንሶላ ሠሩ። ከላይና ከታች ብር የተቀባ ክር የገባበት ስስ ሹራብ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የካርቦን ዱቄት የጠጣ ለስላሳ ጨርቅ ነበር። ሲጫኑት ንብርብሮቹ ይቀራረባሉ፤ ኤሌክትሪኩም በቀላሉ ያልፋል። ጫናው የበዛበት ቦታ በስክሪን ላይ ይቀላል። እናታቸውን በስክሪኑ ላይ የቀላውን ቦታ እያዩ አገላበጧቸው። እናትየው ያረፉት ገላቸው ላይ አንድም ቁስል ሳይኖር ነው። ዛሬ ይህ አንሶላ በየሆስፒታሉ ተነጥፎ ይሠራል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

እናታቸው ባረፉበት ዓመት። በለቅሶው ላይ የሆነውን የምንጽፈው በታናሽ እህታቸው ፈቃድ ነው። እህትየው የሚኖሩት ራቅ ባለ የወደብ ከተማ ሲሆን የጭነት ክሬን ኦፕሬተር ናቸው። የእናታቸውን ሞት ሰምተው የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነበር። ገና ከበሩ ሲገቡ ታላቅየዋ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «አሁን ነው ትዝ ያልንሽ?» አሏቸው። እህትየው ሻንጣቸውን መሬት ሳያስቀምጡ በመጡበት እግራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል ስልክ አልተደወለም። ሁለቱም ሌላ እህትም ወንድምም የላቸውም።

የጫና ሴንሰር ጨርቆች ክፍል በተቋቋመበት ዓመት። ባልደረባችን «የሰው ፈተና» የሚባለውን ደንብ አወጡ። አዲስ ጨርቅ አስቀድሞ በማሽን ይደቆሳል፤ በምድጃ ይጋገራል፤ በጨው ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ይታጠባል፣ እንደገና ይታጠባል። ይህን ሁሉ ቢያልፍም ሰው ለብሶት ሳይኖርበት ከክፍሉ አይወጣም። የለበሰው ሰው ይቀመጣል፣ ይተኛል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ያልበዋል፤ ጨርቁ የተሰማውን ሁሉ ይመዘግባል። «ማሽን አይሰለቸውም፤ ሰው ግን ይቁነጠነጣል። ጨርቁ መቁነጥነጥን ይልመድ» ይሉ ነበር።

ደንቡ ሲወጣ መልበሱ በተራ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ተራው ጠፋ። አንዱ ልጁ ትታመምበታለች፣ ሌላው ሰርግ አለበት፣ ሦስተኛዋ ዘመድ ይመጣባታል። በዓል ሲመጣማ ጨርቅ ለብሶ መዋል የሚፈልግ ከየት ይገኛል? «እትዬ ምን ችግር አለባቸው፣ ቤት የሚጠብቃቸው የለ» የምትለው ንግግር መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣች ኮሚቴው አጣርቶ ሊደርስበት አልቻለም፤ ከሁላችንም ሳትወጣ አልቀረችም። እሳቸው ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ለበሱ። ከዓመት ዓመት እየለበሱ ሄደው፣ በመጨረሻ ጨርቆቻችን የሚያውቁት ገላ የእሳቸው ብቻ ሆኖ ቀረ።

የሚኖሩት ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ነበር። አንድ ጊዜ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው ባትሪ ሊያደርስ ሄዶ «ሻይ ሳትጠጣማ አትሄድም» ተባለ። ጠረጴዛው አጠገብ ሁለት ወንበሮች ነበሩ። በአንደኛው ላይ የጨርቅ ናሙና ተከምሮ ስለነበር ለመቀመጥ መጀመሪያ ክምሩን ወለል ላይ ማውረድ ነበረበት። እትዬ ሁለተኛውን ብርጭቆ ከመደርደሪያው ጥግ አውጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አቧራውን አጥበው አጥበው ሊጨርሱት አልቻሉም። ባለሙያው ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ዛሬ እንዲጻፍለት ጠይቋል።

በቀጣዮቹ ዓመታት። ለብረት ማቅለጫ ሠራተኞች የሚረግጡት ወለል የሚያንሸራትት መሆኑን አስቀድሞ የሚናገር የጫማ ገበር ሠሩ። ለጨው ማምረቻ ሠራተኞች የእጃቸው ጉልበት መድከሙን የሚያሳይ ጓንት አዘጋጁ። ሙቀት ባለበት ቦታ በብየዳ የተያያዘ ሽቦ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብየዳን ትተው ሽቦውን በክር ቋጠሮ ሰፉት፤ ቋጠሮ ሲሳብ ይለጠጣል እንጂ አይሰበርም። ሁሉንም ያስቸገራቸው ላብ ነበር። ጨርቁ ሲረጥብ ምንም ሳይጫነው የተጫነ ይመስለዋል። «ላብ ውሸታም ነው» እያሉ ከስፌት ክፍሉ ጋር ብዙ ወራት ታገሉ፤ ውሃ የማያስገባ፣ ግን የሚተነፍስ ሽፋን አግኝተው ውሸቱን አስቆሙት። በእነዚህ ሥራዎች ተቋማችን ስም አትርፏል፤ ሽልማትም ተቀብሏል። ሽልማቱን የተቀበሉት ዳይሬክተሩ ናቸው፤ እትዬ በዕለቱ ጓንት ለብሰው ሙከራ ላይ ነበሩ።

የእሳት አደጋ ሰደርያው ዓመት። ይህ የባልደረባችን ትልቁ ሥራ ነው፤ በዚህ መግለጫ ላይም ብዙ ቦታ የወሰደው እሱ ነው። እሳት አጥፊ ከወፍራሙ ካፖርት ሥር የሚለብሰው ስስ ሰደርያ ሲሆን፣ ከደረትና ከጀርባ በአንድ ጊዜ ጠንከር ያለ ጫና ካረፈበትና ጫናው ቶሎ ካልተነሣ፣ በለባሹ ላይ ግድግዳ ተደርምሷል ብሎ ይደመድማል። ወዲያው ደወሉ ይጮሃል፤ ወደ አዛዡም መልእክት ይሄዳል። ሰው ሲቀመጥ፣ ሲደገፍ፣ በደረቱ ሲሳብ፣ የአየር ሲሊንደር ሲሸከም የሚመጣውን ጫና ግን ያውቀዋልና ዝም ይላል። ይህን ሁሉ ያስተማሩት እትዬ ናቸው፤ በገዛ ገላቸው።

ሰደርያው ለሙከራ ለአንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ ተሰጠ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የቀለም መጋዘን ተቃጠለ። አንዱ እሳት አጥፊ ከሁሉም ኋላ ሲወጣ፣ ውስጥ ቀረ ብለው በጭንቀት ነፍሳቸው ሊወጣ የደረሰ ጓደኞቹ ዘለው አቀፉት። ሰደርያው አገር ምድሩን በጩኸት አቀለጠው። የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል ብለው መሬት ላይ አስተኙት፣ ካፖርቱን በመቀስ ቀደዱት። እሱ ከሥር ሆኖ «ኧረ ደህና ነኝ! ያቀፋችሁኝ እናንተ ናችሁ! ልቀቁኝ!» ይላል፤ ማን ይስማው። በማግሥቱ የሌላው እሳት አጥፊ እናት ከጣቢያው በር ላይ ልጃቸውን አቅፈው ደወሉ ሲጮህ፣ ቁስል የነኩበት መስሏቸው ሐኪም ጥሩልኝ እያሉ ጮኹ። ከዚያ በኋላ እሳት አጥፊዎቹ ባትሪውን እያወጡ በኪሳቸው መያዝ ጀመሩ። ባትሪ የሌለው ሰደርያ ደግሞ ከካናቴራ አይሻልም።

የጣቢያው አዛዥ ተቋማችን ድረስ መጡ። ድምፃቸው በጭስ የጎረነነ፣ ዘለግ ያሉ ሰው ናቸው። ሰደርያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ልብሳችሁ ወንድምና ግድግዳ አይለይም» አሉ። «ልጆቼ ባትሪውን እያወጡት ነው። ነገ የምሩ ግድግዳ ሲወድቅ ማን ይጮህልን?»

የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው ጥፋቱ የክሩ ነው አለ። የስፌት ክፍል ኃላፊዋ የሽቦው ነው አሉ። ሁለቱም ዛሬ በዚህ ኮሚቴ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሆነ ማን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደነበር አንጽፍም። እትዬ ባለሙያውን «እስከ ዛሬ ከለበስኩት ሁሉ ውስጥ፣ ከፊትም ከኋላም እኩል የመጣ ጫና ፈልግልኝ» አሉት። ፈለገ። ብዙ ዓመት የተለበሰ ልብስ ነውና ኮምፒውተሩ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ አንድ ተገኘ። ሁላችንም «ይኸው!» ብለን ደስ አለን። እሳቸው ጠጋ ብለው አዩትና «እሱ አውቶቡስ ነው። ተጨናንቆ ነበር» አሉ።

በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። አዛዡ ሳይቀሩ ቆባቸውን አንሥተው ውስጡን ማየት ጀመሩ። እትዬ ሰደርያውን እያጠፉ «ጨርቁ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ ያላሳየሁት» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር።

በቀጣዩ ወር። የውስጥ ማስታወቂያ ወጣ፤ ሠራተኞች በሥራ ሰዓት ወደ ሙከራ ክፍሉ እየቀረቡ ዋና ተመራማሪዋን እንዲያቅፉ፣ ተራም እንዲጠብቁ የሚል። በተቋማችን ታሪክ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ወጥቶ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ተሰለፍን፤ አንዳንዱ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ አንዳንዱ ያፍራል። እትዬ ሰደርያውን ለብሰው ክፍሉ መሐል ቀጥ ብለው ቆመዋል። «ዜሮውን ያዙ። እሺ፣ ቀጥል። ያዝ። ልቀቅ። የሚቀጥለው።» ዳይሬክተሩ ጋዝ ሲሊንደር ሊያነሡ የመጡ ይመስል ጎንበስ ብለው ያዟቸው። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል አቀፋቸው። የሒሳብ ሹሙ ጀርባቸውን መታ መታ አድርጎ ሸሸ። የስፌት ክፍል ኃላፊዋ ብቻ አጥብቀው ይዘው ሳይለቁ ቢቆዩ «ይበቃል፣ ሙከራውን ታበላሺብኛለሽ» ተባሉ። ሰልፉ አልቆ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሲበተን እትዬ እዚያው ቆመው ነበር። ምን እንደሚጠብቁ የጠየቃቸው የለም።

ሰደርያው የተማረውን ይዞ ወደ ጣቢያው ሄደ፤ እዚያም እንደ ገና ጮኸ። አዛዡ ደወሉና «የእናንተ እቅፍ የቢሮ ነው። የኛዎቹ ሲተቃቀፉ የምር ነው» አሉ። እትዬ ስልኩን ዘግተው ለስፌት ክፍል ኃላፊዋ «የናፈቀ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ» አሏቸው። ከዚያም እዚያው የስፌት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው፣ ከየትም ሳይመለከቱ፣ በቃላቸው የያዙትን ቁጥር ደወሉ። ኃላፊዋ መርፌያቸውን ይዘው ሰሙ።

«ሃሎ። እኔ ነኝ» አሉ እትዬ። «ለሥራ ፈልጌሽ ነበር። አንድ ሙከራ አለ፣ ሰው ማቀፍ ነው። ብዙም አይቆይ። የመጓጓዣሽን ተቋሙ ይችላል።»

የእህትየው ድምፅ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። «ይኼን ሁሉ ዘመን ጠብቄሽ የደወልሽው ለሥራ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሠራተኛ ቅጠሪ።» ስልኩ ተዘጋ።

እትዬ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው «አልተመቻትም» አሉ። የስፌት ክፍል ኃላፊዋ መታገሥ አቃታቸው። «ናፍቀሽኛል ማለት ምን ያንቅሻል?» ብለው ተቆጧቸው። እትዬ የቁራጭ ጨርቁን ጠርዝ በጣታቸው እያለሰለሱ «ናፍቀሽኛል ብያት እምቢ ብትለኝስ?» አሉ። «አሁን እኮ እምቢ የተባለው ሥራው ነው።»

ከዚህ በኋላ ሥራው ያለ እሳቸው ገላ እንዲቀጥል ወሰኑ። በእሳት አደጋ ጣቢያው ግቢ እሳት አጥፊዎቹ ሰደርያውን ለብሰው ቆሙ፤ ሚስቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞች፣ ልጆች መጡ። መጀመሪያ ተሽኮረመሙ፤ ቆይተው ግን ሙከራ መሆኑን ረሱት። አንዷ ባሏን አቅፋ የሰሞኑን ንዴቷን ሁሉ በጆሮው ነገረችው። አንድ አባት ልጁን ይዞ አልለቅም ብሎ ሰልፉ ቆመ። እትዬ ስክሪኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ «ዜሮውን ያዙ፣ እሺ፣ ቀጥሉ» ሲሉ ዋሉ። በግቢው ውስጥ ያን ዕለት ያልታቀፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እጃቸውም ተይዞ ነበር። ሲጨርሱ አዛዡ አመስግነው ጨበጧቸው። እሳቸውም ዕቃቸውን በፌስታል ሸክፈው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዱ።

ሰደርያው ከዚያ ወዲህ እቅፍን ከግድግዳ ይለያል። ባትሪ የሚያወጣ እሳት አጥፊ የለም። ባለፈው ዓመት የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ግድግዳ ሲደረመስ፣ ከፍርስራሹ ሥር የተሰማው ደወል ቆፋሪዎችን ቀጥታ ወደ ሰውየው መራቸው። ተጎትቶ ወጣ፤ በሕይወት አለ። ካገገመ በኋላ ከባለቤቱ ጋር ተቋማችን ድረስ መጥቶ እትዬን ሲያይ እጆቹን ዘረጋ። እሳቸው ፈጠን ብለው እጃቸውን ለሰላምታ ሰጡት። ጨበጠውና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ደጋገመ።

በተቋሙና በጣቢያዎች ያሉ ሰደርያዎች ሁሉ አዲሱን ትምህርት ተጭነዋል፤ ከአንድ በስተቀር። እሱም ባልደረባችን ከመጀመሪያው አንሥተው የለበሱት የራሳቸው ነው። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው ሊያድስላቸው ቢጠይቅ «የኔን ተወው» አሉት። «ሰው ባቀፈዎት ቁጥር ይጮህብዎታል እኮ እትዬ» ቢላቸው ሳቅ ብለው «ይጩኸዋ» አሉ። «እኔን የሚያቅፍ ሲገኝ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ።» ባለሙያው ቀልድ መስሎት አብሮ ሳቀ።

በዚህ ዓመት። ባልደረባችን ሕመሙ ጸንቶባቸው ሆስፒታል ሲገቡ ሰደርያው ከሆስፒታሉ ልብስ ሥር ነበር። ነርሶቹ ሊያወልቁት ሲሉ «የረጅም ጊዜ ሙከራ ላይ ነኝ» አሏቸው፤ ሐኪሙም ፈቀደ። ተቋማችን በየተራ ጠይቋቸዋል። ብርቱካን ይዘን እየገባን ከአልጋው ግርጌ ቆመን «እግዜር ይማርዎት»፣ «አይዞዎት እትዬ» አልን። በጣም ከስተው ነበርና እንዳይታመሙ ፈርተን፣ የግሉኮሱም ቱቦ አስፈርቶን፣ ማናችንም አልቀረብንም። ሰደርያው አንድ ቀን እንኳ ድምፅ አላሰማም።

የስፌት ክፍል ኃላፊዋ ለእህትየው የደወሉት ማንንም ሳያማክሩ ነው። ስልኩ እንደተነሣ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል «ለሥራ አይደለም» የሚል ነበር። እህትየው ከክሬኑ ወርደው፣ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ተሳፈሩ፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ኃላፊዋ ወደ ሆስፒታል ሄደው «እየመጣች ነው» አሏቸው።

«ምን ብለሽ ጠራሻት?» አሉ እትዬ።

«ናፍቀሻታል ብያት ነዋ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምንም። ስታለቅስ ሰማኋት።»

«በሩ እንዳይዘጋ» አሉ እትዬ። በማግሥቱ ጠዋት፣ የእህትየው አውቶቡስ ወደ ከተማው ከመግባቱ በፊት ዐረፉ። በሩ ክፍት ነበር።

እህትየው ሲደርሱ የእትዬ አስከሬን ገና ከአልጋው አልተነሣም ነበር፤ ዙሪያውን መጋረጃ ተጋርዷል። የስፌት ክፍል ኃላፊዋ እንዴት አድርገው እንደሚነግሯቸው ሳያውቁ፣ እህትየው መጋረጃውን ገልጠው ገብተው ገና ሙቀታቸው ያልወጣውን ታላቃቸውን ከአንገታቸው በታች እጃቸውን አስገብተው አቀፏቸው። ሰደርያው ጮኸ። ነርሶቹ ከኮሪደሩ እየሮጡ መጡ፤ በሌሎቹ አልጋዎች ያሉ ሕሙማንም ቀና አሉ። እህትየው ግን አልለቀቁም።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አሉ ፊታቸውን ሳያነሡ።

የስፌት ክፍል ኃላፊዋ «ልብሷ ነው» አሏቸው። «ሰው ተጭኗታል፣ ድረሱላት እያለ ነው።»

«ደረስኩ እኮ» አሉ እህትየው። «ደረስኩ፣ እህቴ። ደረስኩ።»

አንዷ ነርስ ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ኃላፊዋ እጇን ያዙት። ደወሉ ዝም ያለው እህትየው ሲለቋቸው ነው፤ ለመልቀቅም ብዙ ቆዩ።

ተቋማችን በዋና ተመራማሪዋ ሞት ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ለታናሽ እህታቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ለእሳት አደጋ ጣቢያዎች ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ተፈጽሟል። እህትየው ወደ ሥራቸው እስኪመለሱ ድረስ ከጫማ መደብሩ በላይ ባለው በሟች ቤት ብቻቸውን ይቆያሉ። ሠራተኞች ተራ ሳይጠብቁ እየሄዱ እንዲያጽናኗቸው፣ ሲሄዱም እጅ ጨብጠው ብቻ እንዳይመለሱ ኮሚቴው አጥብቆ ያሳስባል።